ስለ ጎማ ንፋስ አለካክ

የጎማ ንፋስ መለካት ከጎሚስታ ሥራዎች ሁሉ ቀላሉ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ወደዚህ ሙያ የሚገባ ወጣት በመጀመሪያው ቀን የሚታዘዘው ይህንኑ ነው፤ ጎማ ከቸርኬ መንቀልን፣ ከመነዳሪ መለጠፍን፣ የከባድ መኪና ቀለበት ማስገባትን ግን በጌታው ዐይን ሥር ሆኖ በብዙ ወራት ይማራል። እኔ በቃሊቲ መንገድ ዳር በዚህ ሥራ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ የተረዳሁት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ነቅሎ መግጠም ጉልበትና ልማድ የሚፈጽሙት ነገር ሲሆን፣ እውነተኛ ልኬት ማግኘት ግን የሰዓትን፣ የሙቀትን፣ የአገርን ከፍታና የመሣሪያን ጠባይ አንድ ላይ አስቦ መፍረድን ይጠይቃል። ጠቋሚው 32 ላይ ቆመ ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ መቼ ተለካ፣ የት ተለካ፣ በምን ተለካ ተብሎ ተጠይቆ መልስ ሲገኝለት ነው የቁጥሩ ምስክርነት የሚጸናው።

አየር ሲሞቅ መስፋፋት ይወዳል፤ በጎማ ውስጥ እንደ ታሰረ ሲሞቅ ግን መስፋፊያ ስፍራ ስለማያገኝ ኀይሉን ሁሉ ወደ ግድግዳው ይመልሳል። 32 ፒኤስአይ የያዘ የቤት መኪና ጎማ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢጨምር፣ ልኬቱ በአንድ ተኩል ፒኤስአይ ያህል ከፍ ይላል። መኪናው በተነዳ ጊዜ ደግሞ ጎማው በያንዳንዱ ዙር እየታጠፈና እየተቃና ራሱን በራሱ ስለሚያሞቅ፣ ከረዥም ጉዞ በኋላ ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ ጨምሮ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ፋብሪካው በሾፌሩ በር ምሶሶ ላይ በለጠፈው ወረቀት የጻፈው ቁጥር የቀዝቃዛ ጎማ ቁጥር ነው፤ ቀዝቃዛ የሚባለውም ቢያንስ ለሦስት ሰዓት ያህል የቆመ ወይም ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ያልተነዳ ጎማ ነው። ዳገት ሮጦ የመጣን በሽተኛ ሳያሳርፍ ትኩሳቱን ለክቶ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም እንደሌለ ሁሉ፣ ከመንገድ የገባን ጎማ ወዲያው ለክቶ መፍረድ አይገባም። እኔ የምመርጠው ጊዜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ያለውን፣ በየአድባራቱ ኪዳን የሚደርስበትንና ፀሐይ አስፋልቱን ያልነካችበትን ሰዓት ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቆሞ የቆየ መኪና እንኳ በምሥራቅ በኩል ያሉት ጎማዎቹ ከምዕራቦቹ ጨምረው ስለሚነበቡ፣ ሁሉን እኩል ላድርግ ብሎ ከሞቁት የሚያስተነፍስ ባለቤት ማታ ሲቀዘቅዙ ተዛንፈው ያገኛቸዋል።

የዚህ ነገር ጉዳት ጎልቶ የሚታየው በዐባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው መንገድ ላይ መኪና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል፤ ሲወርድ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ቢይዘውም ፍሬን መንካቱ ስለማይቀር፣ ከፍሬኑ የሚወጣው ግለት በቸርኬው አልፎ ወደ ጎማው ይዘልቃል፤ የበረሃውም ወበቅ ይጨመርበታል። እግርጌው ደርሶ የሚለካ ሾፌር ታዲያ ልኬቱን ከጠዋቱ በብዙ በልጦ ያገኘዋል፤ ይፈነዳብኛል ብሎም ፈርቶ ያስተነፍሰዋል። ፍርሃቱ ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ የሚያስከትለው ግን ከፈራው ይብሳል፤ በጎጃም ደጋ ብርድ ሲመሽበት ያ ጎማ ከተገቢው በታች ሆኖ ያድራልና፣ በማግሥቱም ጭነት ተሸክሞ ሲሄድ ከልኩ አልፎ እየታጠፈ ይግላል፣ የውስጡም ክርና ሽቦ ከጎማው ሥጋ መላቀቅ ይጀምራል። በእኔ እጅ ካለፉት የፈነዱ ጎማዎች የሚበዙት ይህን የውስጥ ቃጠሎ ምልክት ይዘው የመጡ ናቸው። የጋለ ጎማ ቢለካ ነውር የለበትም፤ ማስተንፈስ ግን አይገባም።

ከሙቀት ይልቅ የረቀቀው የከፍታ ነገር ነው። በእጃችን የያዝነው መለኪያ የሚያሳየን በጎማው ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ግፊት ሳይሆን፣ የውስጡ አየር ከውጭው የሚበልጥበትን ብቻ ነው፤ የውጭውም አየር ግፊት በየአገሩ አንድ አይደለም። ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል እ.ኤ.አ. በ1648 የእኅቱን ባል ፔሪዬን የሜርኩሪ ቱቦ አስይዞ ፑይ ደ ዶም በተባለው ተራራ ላይ ባስወጣው ጊዜ፣ ወደ ላይ በወጡ መጠን የሜርኩሪው ቁመት እያነሰ መሄዱ ስለ ታየ፣ የአየር ክብደት በከፍታ እንደሚቀንስ ከዚያ ወዲህ የታወቀ ነው። በባሕር ወለል 14.7 ፒኤስአይ የሆነው የአየር ግፊት፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ ወደ 11 ገደማ ይወርዳል። እንግዲህ በቃሊቲ በንጋት ብርድ፣ ሙቀቱ 12 ዲግሪ ሳለ፣ 32 ተሞልቶ የወጣ ጎማ ጅቡቲ ወደብ ሲደርስ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ ከ29 በታች በተነበበ ነበር፤ ነገር ግን በወደቡ 35 ዲግሪ ሙቀት ቆሞ ቢያድር፣ ሙቀቱ የጨመረው ከፍታው የቀነሰውን ስለሚተካው ጠቋሚው ተመልሶ 32 አጠገብ ይቆማል። ሾፌሩ ጎማዬ አልተለወጠም ብሎ ይደሰታል፤ በእውነቱ ግን ሁለት ታላላቅ ለውጦች እርስ በርሳቸው ተጣፍተው በአንድ ቁጥር ሥር ተሰውረዋል። ይህን ስሌት በየጊዜው ስሠራው የሥነ ፍጥረት ሥርዐት በአንድ ተራ ጎማ ውስጥ ይህን ያህል መገለጡ አሁንም ያስደንቀኛል።

ከውጭ አገር የሚገቡት አዳዲስ መኪኖች በየጎማቸው ውስጥ ሴንሰር ስላላቸው፣ ይህ የከፍታ ጉዳይ ዛሬ በየቀኑ ክርክር ያስነሣብኛል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ መነሻነት፣ ከ2007 መስከረም ጀምሮ በሚሠሩ ቀላል መኪኖች ሁሉ ላይ የንፋስ ማነስን የሚያሳውቅ መሣሪያ እንዲገጠም አስገድዳለች፤ መብራቱም ንፋሱ ከታዘዘው ልክ ከመቶ 25 እጅ ሲጎድል እንዲበራ ተደንግጓል። ታላቅ በረከት ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሴንሰሮች ብዙዎቹ የሚለኩት ጠቅላላውን ግፊት ነውና፣ መኪናው የባሕር ወለልን 14.7 እንደ ቋሚ ቁጥር ይዞ የሚቀንስ ከሆነ፣ በአዲስ አበባ በትክክል 32 የተሞላው ጎማ በሾፌሩ ፊት 28 ሆኖ ይታያል። ባለቤቱ በዚህ ጊዜ የጎሚስታውን መለኪያ መጠርጠሩ አይፈረድበትም፤ እኔም ሁለቱም በየራሳቸው መሠረት እውነት እንደሚናገሩ በትዕግሥት አስረዳዋለሁ።

ወደ መሣሪያው ስንመጣ፣ በየጎሚስታ ቤቱ የምናየው ባለ ሰዓት መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ ፈረንሳዊው ኤውዤን ቡርዶን እ.ኤ.አ. በ1849 ያስመዘገበውን ብልሃት የያዘ ነው፤ ጠፍጠፍ ተደርጎ እንደ ማጭድ የተቀለሰ ቀጭን የብረት ቱቦ ግፊት ሲገባበት ሊቃና ይሞክርና በዚያው እንቅስቃሴ ጠቋሚውን ይጎትታል። ቱቦው አንድ ጊዜ ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅ ጠባዩ ሊለወጥ ይችላል፤ ጠቋሚው ዜሮ ላይ ማረፉም 32 ላይ እውነተኛ መሆኑን አያረጋግጥም። በዚህ ላይ ያለኝ ፍርድ ጽኑ ነው፤ ሁልጊዜ በሁለት ፒኤስአይ አብዝቶ የሚያሳይ መለኪያ ጉድለቱ ከታወቀ ያገለግላል፣ አንድ ጊዜ 30 አንድ ጊዜ 34 የሚል ግን መጣል አለበት። እስከ 200 ፒኤስአይ ድረስ የተመደበ የከባድ መኪና መለኪያም ለቤት መኪና አይስማማም፤ መቶ ለሚሞላ ጎማ የተሠራው ሰሌዳ በታችኛው ጫፉ ላይ ሁለትና ሦስት ፒኤስአይን አይለይምና።

የእጅ ሥራው አጭር ነው። የቫልቩ ክዳን ተከፍቶ አቧራው ይጠረጋል፣ መለኪያው ቀጥ ተደርጎ በአንድ ጊዜ ይጫናል፤ የሚያፏጭ ድምፅ ካልቆመ ንፋስ በጎን እያመለጠ ነውና ያ ንባብ አይቆጠርም። ሁለት ንባብ ሲስማማ ብቻ ይመዘገባል። ዐይን ግን አይታመን፤ የራዲያል ጎማ ጎን በትክክለኛ ንፋሱ እንኳ ሆዱን ነፋ ያደርጋል፤ በእርግጫና በብረት መታ እያደረጉ መፍረድም ሞተ የሚባለውን ጎማ ካልሆነ በቀር አይለይም። የከባድ መኪና የኋላ ጥንድ ጎማዎች በተለይ የውስጠኛው ለእጅ አስቸጋሪ ስለሆነ ሳይለካ ይታለፋል፤ እርሱ ሲጎድል ግን የጎረቤቱን ጭነት የውጨኛው ለብቻው ይሸከምና ሁለቱም ተያይዘው ይጠፋሉ።

ሾፌሮች ሆይ፣ በጋቢናችሁ ውስጥ የራሳችሁ መለኪያ ይኑራችሁ፤ በጎማው ጎን የተቀረጸው የመጨረሻው ወሰን መሆኑን አውቃችሁ በበሩ ምሶሶ ላይ የተጻፈውን ተከተሉ፣ ሳትነሡም ለኩ። የሙያ ወንድሞቼን ደግሞ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ለዕለት ሥራ የማይወጣ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሣጥን የሚቀመጥ አንድ ጥሩ መለኪያ ግዙ፣ የኮምፕሬሰራችሁንም መለኪያ በየሳምንቱ ከእርሱ ጋር አስተያዩ።