ጥቁር በጥቁር ላይ የተሳለው እባብ

እስቲ የስልካችሁን ስክሪን አጥፉና በጣታችሁ አንድ ፊደል ጻፉበት። ፊት ለፊት ስታዩት ብዙም አይታይም። ወደ መብራት ዘንበል ስታደርጉት ግን ፊደሉ ብቅ ይላል። ቀለም አልጨመራችሁም፤ የለወጣችሁት ብርሃን የሚነጥርበትን መንገድ ብቻ ነው። ማሪያና ጁሊያን ማርቲኔዝ የተባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1919 አካባቢ በሸክላ ላይ ያደረጉትም ይህንኑ ነው።

ሁለቱም በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ የሳን ኢልዴፎንሶ ፑዌብሎ ሰዎች ናቸው። ፑዌብሎ የሚባሉት አውሮፓውያን ከመምጣታቸው ከብዙ ዘመን በፊት ጀምሮ በዚያ አገር በመንደር ተሰባስበው የኖሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ ሥዕል ያለበት ሸክላቸውም የታወቀ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ማሪያ ጭቃውን ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ታቦካለች፤ ከዚያ እንደ ገመድ እያድቦለቦለች፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበች ማሰሮውን በእጇ ታቆመዋለች። ማሽከርከሪያ የሚባል ነገር የለም። ሲደርቅ ስስ የጭቃ ውሃ ትቀባውና እስኪያብረቀርቅ ድረስ በልሙጥ ድንጋይ ታሸዋለች። ጁሊያን ደግሞ በዚያ አብረቅራቂ ገላ ላይ፣ እንደገና በጭቃ ውሃ፣ ይስላል።

ከዚያ እሳቱ ይቀጥላል። በደንብ ሲግል የተፈጨ የፈረስ ፋንድያ ይደፋበትና ይታፈናል። ኦክስጅን ቢያገኝ ኖሮ በጭቃው ውስጥ ያለው ብረት ማሰሮውን ቀይ ያደርገው ነበር። ሲታፈን ግን ብረቱ ይጠቁራል፤ የጭሱ ካርቦንም ገላው ውስጥ ይሰርጋል። የሚወጣው ማሰሮ ሁለመናው ጥቁር ነው፦ የታሸው ቦታ እንደ መስታወት፣ የተሳለው ቦታ እንደ ከሰል።

ታዲያ ይህ "እውነተኛ ባህል" ነው? ማሪያ ወደ ጥንቱ አሠራር የገባችው አርኪዮሎጂስቱ ኤድጋር ሊ ሂዌት በቁፋሮ የተገኙ ገሎችን አይታ ተመሳሳይ እንድትሠራለት ስለጠየቃት ነው። ጥቁሩን ማሰሮም በብዛት የገዙት የውጭ ሰዎች ናቸው። በዚህ ምክንያት "ለገበያ የተፈበረከ ነው" ሊባል ይችላል። እኔ ግን አልስማማም። አፈሩ፣ እጁ፣ እሳቱ የዚያው አገር ነው። አዲስ ነገር መሞከር ባህል ማፍረስ ከሆነማ፣ የጥንቶቹ ሸክላ ሠሪዎችም አፍራሾች ነበሩ ልንል ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ውበቱ እንዳይደበዝዝ ማሰሮው በአነስተኛ ሙቀት ስለሚተኮስ ውሃ አይችልም፤ ውሃ ከገባበት ይሰርገዋል፣ ወዙንም ያበላሸዋል። ጁሊያን ደግሞ ደጋግሞ የሳለው አቫንዩን ነው፤ ቀንድ ያለው፣ ከውሃ ጋር የተያያዘ እባብ። ውሃ መያዝ የማይችል ማሰሮ የውሃን ምልክት ተሸክሟል! በምህንድስና ሚዛን ይህ ጉድለት ነው። እንደ ሥዕል ግን ትልቁ ብቃቱ እዚህ ነው፦ እባቡ ማሰሮውን ዞሮ ስለሚሄድና መልኩን የሚያገኘው ከብርሃን ስለሆነ፣ እናንተ ስትራመዱ ይጠፋል፣ ይመጣል፣ ልክ እንደ ውሃ ላይ ነጸብራቅ። ላባ የተደረደረባቸው ሳህኖቹ በጣም ንጹሕ ናቸው፤ ግን ገላቸው ጠፍጣፋ ስለሆነ ይህን ጨዋታ እንደ ማሰሮው አይጫወቱም።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው "የማሪያ ማሰሮ" ይላል። ሥዕሉ ግን የጁሊያን ነበር። እሱ እ.ኤ.አ. በ1943 ሲሞት የልጃቸው ሚስት ሳንታና፣ በኋላም ልጃቸው ፖፖቪ ዳ ቀጠሉት። አንድ ስም ብቻ ስንጠራ የአንድ ቤተሰብን ሥራ የአንድ ሰው ተአምር እናደርገዋለን።

እነዚህን ማሰሮዎች በፎቶ ካያችኋቸው ገና ግማሹን ነው ያያችሁት። አንድ ቀን ሙዚየም ውስጥ ካጋጠማችሁ አትቁሙ፤ ዙሩት።