«ዋስትና» ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

በሕግ አማርኛችን «ዋስትና» የተሸከመው ትርጉም በዝቷል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 200፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የሚኖርና በአገር ውስጥ በቂ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሌለው ከሳሽ ለተከሳሹ ወጪና ኪሳራ ዋስትና እንዲሰጥ ፍርድ ቤት ሊያዝ እንደሚችል ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ ማንም ሰው ያለ ሦስተኛ ወገን መድን ተሽከርካሪ እንዳይነዳ ይከለክላል፤ ይህንንም ብዙዎች «የመድን ዋስትና»፣ ሲያሳጥሩትም «ዋስትና» ይሉታል።

ከሚኤሶ ተነሥቶ በጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ፣ አልፎ ወደ ሂርና በሚዘልቀው መንገድ መኪና ሰው ገደለ እንበል። ውጭ አገር የሚኖር ወራሽ ካሳ ሲጠይቅ ሁለቱ ዋስትናዎች በአንድ መዝገብ ይገናኛሉ፤ አንዱ ከሳሹ እንዲያቀርበው የሚታዘዘው፣ ሌላው ተከሳሹ አስቀድሞ የገባው ነው። የምዕራብ ሐረርጌ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በኦሮምኛ ስለ ሆነ፣ ቃሉን ከአማርኛው ሕግ የሚያሻግረው ተርጓሚ ሁለቱን ካምታታ ግዴታው ወደማይመለከተው ወገን ይዞራል፤ የታዘዘውን ዋስትና ያላቀረበ ከሳሽ ደግሞ ክሱ ሊሰረዝበት ይችላል።

«መድን» ራሱ በጥንቱ አነጋገር ዋስ፣ ተያዥ ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን የኢንሹራንስ ስም ሆኖ ጸንቷል። ስለዚህ ለኢንሹራንስ «መድን» ብቻውን ይበቃል እንላለን፤ «የወጪና ኪሳራ ዋስትና» ግን ሳይቆረጥ ሙሉው ይጻፍ።