በድንጋይ ላይ የበቀለ ዛፍ፦ አህመዳባድን በአንድ መስኮት ማንበብ

ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታጋድል፣ በሕንዷ የጉጃራት ግዛት በምትገኘው አህመዳባድ ከተማ፣ በሲዲ ሰይድ መስጊድ ወለል ላይ የዛፍ ጥላ ያርፋል። ከውጭ ግን ጥላውን የሚጥል ዛፍ የለም። ያለው በምዕራቡ ግድግዳ ቅስት ውስጥ የተገጠመ፣ ብርሃን እንዲያሳልፍ ሆኖ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ ድንጋይ ነው። ከቀጭኑ ግንድ የወጡት ቅርንጫፎች እንደ ሐረግ እየተጥመለመሉ ይተቃቀፋሉ፤ አብሯቸው ዘንባባ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንዱን ቅርንጫፍ በዓይን ይዞ እስከ ጫፉ መከተል ትዕግሥት ይጠይቃል። ሕንዶች ይህን ዓይነቱን የተፈለፈለ መስኮት ጃሊ ይሉታል። የሲዲ ሰይድ ጃሊ ዛሬ የከተማዋ መለያ ሆኗል፤ እዚያው አህመዳባድ የሚገኘው ታዋቂው የማኔጅመንት ኢንስቲትዩትም ዓርማውን የወሰደው ከዚሁ መስኮት ነው።

መስጊዱ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1572 እና 1573 ገደማ፣ የጉጃራት ሱልጣኖች ዘመን ሲያከትምና የሞጉሉ ንጉሥ አክበር ጉጃራትን ሲይዝ ነው። አሠሪው ሲዲ ሰይድ ሐበሻ ነበር። በየመን በኩል ወደ ጉጃራት መጥቶ ቤተ መንግሥት አገለገለ፤ በኋላም ጁጅሃር ኻን ከተባለው ሐበሻ የጦር አዛዥ ጋር ሆነ። መጻሕፍት ሰብስቦ የራሱ ቤተ መጻሕፍት እንደነበረው፣ ድሆችንም ይረዳ እንደነበር ይነገርለታል።

እኛ ዘንድ የዚህ መስጊድ ወሬ ሲነሳ ነገሩ የሚያልቀው «ሐበሻ የሠራው ነው» በሚለው ነው። ስሜቱ ይገባኛል፤ ባሕር ማዶ የወገን ስም በድንጋይ ላይ ሲገኝ ልብ ይሞቃል። ይሁን እንጂ አባባሉ ሁለት ነገር ይሸፍናል ብዬ አምናለሁ።

አንደኛው የጠራቢዎቹ እጅ ነው። ታሪክ የአሠሪውን ስም ያዘ፤ ድንጋዩን የፈለፈሉትን ግን አልያዘም። ጥበቡ በአንድ ጀንበር የመጣ አይደለም። ከተማዋን ሱልጣን አህመድ ሻህ እ.ኤ.አ. በ1411 ሲቆረቁር የጉጃራት ጠራቢዎች ለሂንዱና ለጄይን ቤተ መቅደሶች ድንጋይ ሲያለሰልሱ ትውልዶች አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1424 የተጠናቀቀው ታላቁ የጁምዓ መስጊድ ውስጥ የገባ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል፤ የዓምዶቹ አቀራረጽ የቤተ መቅደስ ዓምድ ነው፤ ሥርዓቱ የመስጊድ ነው። የሲዲ ሰይድ ዛፍ የበቀለው በዚህ አፈር ላይ ነው። ሐበሻው አሰበ፣ ከፈለ፣ አሠራ፤ የጉጃራት እጅ ደግሞ ጠረበ። አንዱን ብቻ ነጥሎ ባለቤት ማድረግ ሌላውን መካድ ነው።

ሁለተኛው «ሐበሻ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ሕንድ ውስጥ «ሐብሺ» እና «ሲዲ» የሚባሉት ስሞች ከምሥራቅ አፍሪካ በባሕር የመጣን ሰው ሁሉ ያጠቃልሉ ነበር። ብዙዎቹ በልጅነታቸው ተሽጠው የሄዱ ናቸው፤ ወታደር ሆነው፣ አዛዥ ሆነው፣ ጥቂቶቹም አገር ገዢ ሆነው ወጡ። ዛሬ በጉጃራት የሚኖሩት ሲዲዎች አፋቸውን የፈቱት በጉጃራትኛ ነው። የብዙዎቹ የዘር ግንድም ከኢትዮጵያ ደጋ ይልቅ ወደ ባንቱ ተናጋሪዎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ሕዝቦች ያመራል። ስለዚህ «ሐበሻ» እዚያ የሚያወራው ስለ ትውልድ ቀዬ ሳይሆን ከባሕር ማዶ ስለመምጣት ነው፤ ብዙ ጊዜም ተገዶ ስለመምጣት። የባሪያ ንግዱን ሳያነሱ በመስኮቱ መኩራት ለእኔ ግማሽ ንባብ ነው።

አሮጌው ከተማ ውስጥ ሲዘለቅ ይኸው ግድግዳን የመብሳት ጥበብ ይቀጥላል። ሰፈሮቹ ፖል ይባላሉ፤ በአንድ በር የሚገባባቸው፣ መንገዶቻቸው እየጠበቡ ሄደው የሚዘጉ ጉራንጉሮች ናቸው። በአንድ ፖል በእምነት ወይም በሙያ የሚቀራረቡ ቤተሰቦች ይኖራሉ። የቤቱ መሐል ለሰማይ ክፍት ነው፤ የዝናቡ ውኃ ከግቢው ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ ይጠራቀማል። በየፖሉ በረጅም ዓምድ ላይ የተሠራ የወፍ ቤት ይታያል፤ ቻቡትሮ ይሉታል፤ ነዋሪዎቹ እዚያ ላይ ለወፎች እህል ይበትናሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2017 ይህን አሮጌ ከተማ ከሕንድ ከተሞች የመጀመሪያው የዓለም ቅርስ ከተማ ብሎ ሲመዘግብ ከቆጠራቸው ዋጋዎች አንዱ ፖሎቹ ናቸው። ነገር ግን የፖሉ በር እንደሚጠብቅ ሁሉ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ2002 በሂንዱና በሙስሊም መካከል የፈሰሰው ደም ከዚህች ከተማ ታሪክ ተነጥሎ አይነበብም። ለወፍ ዓምድ የሚያቆም ሰፈር በጎረቤቱ ላይ በሩን ለምን ሊዘጋ እንደቻለ የማይጠይቅ የቅርስ ጽሑፍ ጎዶሎ ነው።

ማኔክ ቾክ የተባለው አደባባይ ግን ሌላ መልስ አለው። ጠዋት አትክልት ይሸጥበታል፤ ቀን የወርቅና የብር ነጋዴዎች ይይዙታል፤ ሲመሽ ሱቆቹ ይዘጉና ምድጃዎች ይደረደራሉ። ያው መሬት በቀን ሦስት ጊዜ ሥራ ይለውጣል። የአህመድ ሻህና የንግሥቶቹ መቃብር እዚያው አጠገብ ነው። ሲመሽ በምድጃዎቹ የሚሠራው ምግብ በአብዛኛው ሥጋ የለበትም። የእኛ ሰው ከሁሉ ቶሎ የሚለምደው ዶክላ የተባለውን ይመስለኛል፤ ሩዝና የሽምብራ ክክ ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶ፣ እንደ እንጀራችን ሊጥ አድሮ ይቦካል፤ ከዚያም በእንፋሎት ይበስላል። ሲቆረጥ ዓይን ያወጣል፤ ከላዩ በዘይት የተንጣጣ ሰናፍጭና ቃሪያ ይደረግበታል። እርሾና ሽምብራ የለመደ ምላስ አይደናገርም። የሚያደናግረው የክክ ወጡ ነው፤ ጉጃራቶች ያልተጣራ የአገዳ ስኳር ይጨምሩበታልና ጨዉን ስንጠብቅ ጣፋጩ ይቀድማል።

ወደ መስኮቱ ልመለስ። በዚያው በምዕራቡ ግድግዳ መሃል ያለው ቅስት እንደ ጎረቤቶቹ አልተፈለፈለም፤ በጠጣር ድንጋይ ተሞልቷል። ብዙዎች የሞጉሎች ጦር ስለደረሰ ሥራው ሳያልቅ ቀረ ይላሉ፤ ሲዲ ሰይድ ራሱም መስጊዱ ሳያልቅ እንደሞተና እዚያው አጠገብ እንደተቀበረ ይነገራል። ፀሐይዋ ስታጋድል ከግራና ከቀኝ የድንጋይ ቅርንጫፎች በወለሉ ላይ ይዘረጋሉ፤ በመካከላቸው፣ ከተዘጋው ቅስት ፊት ያለው ወለል እንደጠቆረ ይቆያል።