ውሻውን ከትቦ ቀበሮውን ማዳን

ከአዲ አርቃይ ቀና ሲሉ የሚታየው የስሜን ገደል አናቱ ላይ ቀይ ቀበሮ አለው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በዓለም የትም አይገኝም፤ ለአቅመ መራባት የደረሱት ቁጥራቸው ከ500 በታች ነው። ከሚፈጁት ነገሮች ዋነኛው ከእረኛ ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ውስጥ ወዳለው ዌብ ሸለቆ ገብቶ የአካባቢውን ቀበሮዎች አብዛኞቹን ጨርሷል።

እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚሠራውን የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የማመሰግነው እዚህ ላይ ነው። ገበሬውን «ውሻህን አስወግድ» ማለት ይቻል ነበር። ግን ውሻ ለደገኛ ከጅብና ከነብር በጉን የሚጠብቅለት ዘበኛው ነው፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ይዞ የመጣን ሰው ማን ይሰማዋል? ስለዚህ የፕሮግራሙ ሰዎች የክትባት መርፌ ይዘው ሄዱ። ውሻው ባዕድ አያስጠጋምና ባለቤቱ ራሱ አንገቱን በገመድ ይዞ፣ አፉን ጠፍሮ፣ በጉልበቱ ደገፍ ያደርገዋል፤ ከታቢው ፈጠን ብሎ ይወጋል። በዚያች መርፌ ቀበሮውም፣ ከብቱም፣ ከውሻው ጋር የሚተኛው እረኛ ልጅም አብረው ይጠበቃሉ። በትምህርት ቤት ስለ ቀበሮ የሚሰጠው ትምህርት ጆሮ የሚያገኘው ከዚህ በኋላ ነው። ቀበሮዎቹን እየተከታተሉ የሚመዘግቡትም የዚያው አገር ልጆች ናቸው።

ይህ ሥራ ባይኖር ከደገኛው ዘንድ ተከራካሪ እንጂ የቀበሮ ጠባቂ አናገኝም ነበር። እናንተ ደጋ ላይ ውሻ ያላችሁ፣ ከታቢ ወደ ቀበሌያችሁ ሲመጣ ውሻችሁን ይዛችሁ ውጡ።