ስም ስለገጠመ ዘር ገጠመ ማለት አይደለም

ኢንተርኔት ላይ የሚለጠፉ የዘር ሐረጎችን አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ያምራሉ፤ ግን ምን ያህል እንመናቸው? ከማን ደሴት ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ቤተሰቦችን ምሳሌ እናድርግ። (አዎ፣ ስሟ ራሱ «ማን» ነው!)

ደሴቷ በብሪታንያና በአየርላንድ መካከል ትገኛለች፤ ስፋቷ 572 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1820ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ብዙዎች ከዚያ ተነስተው ኦሃዮ ውስጥ፣ ክሊቭላንድ አካባቢ ሰፈሩ። አሁን የአንዱን «ጆን ኬሊ» አባት ፈልጉ እንበል። ችግሩ፣ ኬሊ የሚባል ሰው በደሴቷም በአየርላንድም ሞልቷል። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራም እስከ 1840 በስም የሚመዘግበው የቤቱን ኃላፊ ብቻ ነበር። ነጻ የሆኑ ነዋሪዎችን ሁሉ በየስማቸው መመዝገብ የጀመረው በ1850 ነው።

ክፍተቱን ታዲያ ምን ይሞላዋል? ግምት! እስቲ እናስላው። ከልጅ ወደ አባት የሚወስደው እያንዳንዱ ግምት 90 በመቶ ልክ ነው እንበል። አምስት ትውልድ ወደ ኋላ ስትሄዱ 0.9ን አምስት ጊዜ ታባዛላችሁ፤ መላው ሐረግ ልክ የመሆን ዕድሉ 59 በመቶ ገደማ ይሆናል። እኛ መሐንዲሶች ተከታታይ መገጣጠሚያዎችን የምናሰላው እንዲሁ ነው። ያንኑ ግምት አሥር ሰው ቢገለብጠውም ማስረጃው ያው አንድ ነው።

ዲኤንኤስ? ዋይ ክሮሞዞም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ስለሚተላለፍ አንዱን የኬሊ ዘር ከሌላው ለመለየት ያግዛል። የጆን አባት የትኛው ወንድም እንደሆነ ግን ብቻውን አይነግራችሁም።

ስለዚህ በየመስመሩ ማስረጃውን ጻፉ፤ ከሌለ መስመሩን በነጠብጣብ ተዉት። ከተሳሳተ አያት ባዶ ቦታ ይሻላል።