የሚያረጅ ፈረሰኛ

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ አምሳል ምናባዊ ዓለም ፈጥሮ፣ ለወራት የሚዘልቅ የጠረጴዛ ላይ የትወና ጨዋታ ለመምራት ያሰበ ሰው ከየትኛው መጽሐፍ ይጀምር? ብዙዎች «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን ይጠቁማሉ። ምክንያትም አላቸው። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ያወጡት ይህ ሥራ የዘውጉ በኩር ነው፤ አንዱ ዓለሙን እየተረከ፣ ሌሎቹ በየገጸ ባሕርያቸው ሆነው እየመለሱ፣ አጠራጣሪውን ዳይስ እየዳኘው ታሪክ በጋራ የሚፈጠርበትን መንገድ አስተዋውቋል።

ይሁን እንጂ በዚያ የመጀመሪያ ሥራ ጀግናውን ይበልጥ የሚያሳድገው ከጨለማ ዋሻ የሚያወጣው ወርቅ ነው። ሰይፉና ግንቡ የመካከለኛው ዘመን ናቸው፤ የዘመኑ ሕይወት ግን የለበትም። ጀግናው ይበረታል እንጂ አይለወጥም።

ግሬግ ስታፎርድ በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ፔንድራጎን» የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ዋና ምንጩ ቶማስ ማሎሪ ስለ ንጉሥ አርተር የጻፈው፣ በ1485 እ.ኤ.አ. የታተመው መጽሐፍ ነው። የፈረሰኛው ጠባይ በ13 ጥንድ ተቃራኒዎች ይለካል፤ ምሕረትና ጭካኔ፣ ትሕትናና ትዕቢት፣ እውነተኝነትና አታላይነት ከነዚህ ይገኛሉ። የየጥንዱ ድምር 20 ነው፤ ምሕረቱ 16 የደረሰ ሰው ጭካኔው 4 ብቻ ይሆናል። በፈተና ሰዓት ዳይሱ ሲጣል፣ ፈረሰኛው ተጫዋቹ ያላሰበውን ሊያደርግ ይችላል። ይህ የተጫዋቹን ነጻነት ይነፍጋል የሚሉ አሉ። እኔ ግን የጨዋታው ኃይል ይኸው ይመስለኛል፤ ከጭራቅ ጋር ከሚደረገው ውጊያ ይልቅ ሰው ከገዛ ጠባዩ ጋር የሚገጥመው ትግል ይከብዳልና።

ዘመቻው አብቅቶ የብርዱ ወራት ሲገባ ፈረሰኛው ወደ ርስቱ ይመለሳል። ያገባል፣ ይወልዳል፣ ይቀብራል፤ 35 ዓመት ከሞላው በኋላ ጉልበቱ ሊከዳው ይጀምራል። ሲሞት ልጁ ጋሻውን ያነሣል። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ታላቁ የዘመቻ መጽሐፍም ሰማንያ ዓመት ያህል የሚሸፍን በመሆኑ፣ አባት የጀመረውን ልጅና የልጅ ልጅ ይጨርሱታል።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ፈረሰኛውን የሚመግበው ገበሬ በርስቱ ገቢ ውስጥ ቁጥር ሆኖ ይቀራል። አስተዋይ የጨዋታ መሪ ለዚያ ገበሬ ስምና አንደበት ቢሰጠው፣ የጌታው ምሕረትና ጭካኔ በማን ላይ እንደሚያርፍ ይታያል።

ስለዚህ ጭራቁንና አስማቱን ከፈለጉበት ይዋሱ፤ የጊዜን ክብደት ግን ከስታፎርድ ይማሩ።