«አሳዳጊ የበደለው» የምንለው ማንን ነው?

ልጅ ክፍል ውስጥ ሲረብሽ ወይም ሲደባደብ በእኛ ዘንድ ቶሎ ከአፍ የምትወጣ ስድብ አለች፦ «አሳዳጊ የበደለው!» ቃሉን ረጋ ብለን ብናየው ግን «የበደለ» ሳይሆን «የበደለው» ነው የሚለው። በዳዩ አሳዳጊው፣ ተበዳዩ ልጁ መሆኑን ስድቡ ራሱ ይመሰክራል። ታዲያ ሰውን በተበደለው በደል መስደብ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

ደግሞስ አሳዳጊው ሁልጊዜ በዳይ ነው እንዴ? የናይሮቢውን ኢስትሊ እንመልከት። ቤተሰብ ከካምፕ ወደዚያ፣ ከዚያም ወደ ካምፕ ስለሚመላለስ የኢስትሊ ልጅ ነገ እኛው ክፍል ይቀመጣል። እዚያ ብዙ ስደተኛ አንዲት ክፍል በመጋረጃ ከፍሎ ይኖራል። እንግዳ ሲያመሽ ልጁም አብሮ ያመሻል፤ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ «ሰነፍ» ይባላል። ወላጅ ስዋሂሊ ካልቻለ ክሊኒክም ሆነ ቢሮ አስተርጓሚው ልጁ ነው። የትልቅ ሰው ጉዳይ ሲያስፈጽም የዋለ ልጅ ለመምህሩ መልስ ሲሰጥ ደግሞ «ምላሳም» ይባላል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) «ኡሳላማ ዋች» በተባለው የፖሊስ ዘመቻ ከኢስትሊ በሺህ የሚቆጠር ሰው ታፍሶ ብዙዎቹ ካሳራኒ ስታዲየም ታጉረው ነበር፤ ከወላጆቻቸው የተነጠሉ ልጆችም ነበሩ። እንዲህ ያለውን ያየ ልጅ በር ሲንኳኳ ቢደነግጥ፣ ማንም ሳይነካው ቢደባደብ ያስገርማል?

ይህን ስንል ጥፋት ይታለፍ ማለታችን አይደለም። ወላጅም ቢሆን ከደሙ ንጹሕ ነኝ አይበል። ቤት ውስጥ ነገር ሁሉ በዱላ ሲያልቅ ያየ ልጅ፣ ትምህርት ቤትም ነገሩን በቡጢ መጨረስ ይቀናዋል። መምህሩ ዱላ ቢጨምርበት ደግሞ የቤቱን ትምህርት ደገመለት እንጂ አላረመውም። ኬንያ በ2001 (እ.ኤ.አ.) በትምህርት ቤት መግረፍን ከልክላለች። የ2013ቱ (እ.ኤ.አ.) የመሠረታዊ ትምህርት ሕግም አካልን ብቻ ሳይሆን መንፈስንም የሚያዋርድ ቅጣት አይፈቅድም። ዱላው ቀርቶ ስድቡ ከቀጠለ ምኑን ተሻሻልን?

መምህራን ሆይ፣ ከመቅጣታችን በፊት ልጁን ለብቻው ጠርተን «ትናንት እንዴት አደርክ? ቁርስ በልተሃል? ቤት ማን አለ?» ብንለው ምን እናጣለን? መልሱ ጥፋቱን አያጠፋውም፤ የሚበጀውን እርምት ግን ይጠቁመናል። እናንተም ተማሪዎች፣ አጠገባችሁ ያለው ረባሽ ከየት ቤት ተነስቶ እንደመጣ ሳታውቁ ስም አታውጡለት። በቤቱ የተበደለ ልጅ ካለ፣ ቢያንስ ትምህርት ቤቱ አይድገመው።